ስክሌራል ሌንስ ስትለኩ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ

ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው ወደ እኔ የሚመጣው መነጽር ደጋግሞ ቀይሮ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነው። ኮርኒያው፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን የፊት ሽፋን፣ ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ገጹ ወጣ ገባ ስለሆነ መነጽር አያስተካክለውም። ስክሌራል ሌንስ የሚባለው ሰፊና ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ግን ኮርኒያውን ሳይነካ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያርፋል፤ ከስሩ የሚቀረው የጨው ውሃ ወጣ ገባውን ይደለድለዋል።

የኮርኒያውን ካርታ አይታችሁ ከሙከራ ሌንሶቹ አንዱን ምረጡ፤ ሾጣጣው ባየለ ቁጥር ጥልቀት ያለውን። ማቆያ ኬሚካል በሌለው የጨው ውሃ እስከ አፉ ሙሉትና ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን የፍሎረሲን ቀለም ወረቀት ጫፍ ንከሩበት። ታካሚው ፊቱ ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆን ያጎንብስ። ውሃው ከፈሰሰ አየር ይገባል፤ አረፋ ካያችሁ አውጥታችሁ እንደገና ሙሉ።

በስሊት ላምፑ (የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ) ቀጭን ብርሃን ከጎን ስታበሩ ሌንሱ፣ አረንጓዴው ውሃና ኮርኒያው ተደራርበው ይታያሉ። መለኪያችሁ የሌንሱ ውፍረት ነው፦ 300 ማይክሮን (0.3 ሚሊሜትር) ከሆነና አረንጓዴው ከእርሱ ጋር ከተካከለ ለመነሻ ጥሩ ነው። በሾጣጣው ጫፍ ላይ አረንጓዴው ጠፍቶ ከጠቆረ ሌንሱ ነክቷል፤ ጥልቀት ጨምሩ። ኮርኒያው ከነጩ በሚገናኝበት ዙሪያም ውሃ መኖር አለበት፤ የኮርኒያውን ገጽ የሚያድሱት ስቴም ሴሎች ያሉት እዚያ ነው።

አሁን ታካሚውን ሌንሱን እንዳደረገ ለግማሽ ሰዓት ውጭ አስቀምጡት። አንድ ቀን ወረፋው በዝቶብኝ ለአንዲት ተማሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ልክ ነው ብዬ አዘዝኩላት። ሌንሱ መጥቶ ለስድስት ሰዓት አድርጋው ስትመለስ የቀረው ውሃ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር፤ ዓይኗም ቀልቷል። ሌንስ በሰዓታት ውስጥ 100 ማይክሮን ገደማ ሊሰምጥ ይችላል። ያቺን ልጅ እንደገና ሳምንታት ማስጠበቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠርዙን ተመልከቱ። ከስሩ ያሉት የደም ሥሮች ከነጡ እየጫነ ነው። ጠርዙ ከተነሳ ታካሚው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ይቆረቁረዋል። የእይታ ልኬቱን የምትጨርሱት ይህ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ሌንሱን ማውጣት ሳያስተምሩ ማሰናበት አይገባም። የጎማ መምጠጫው መሃል ላይ ሳይሆን ጠርዙ አጠገብ ይለጠፋል፤ መሃሉን መሳብ ዓይንን ይጎዳል። የቧንቧ ውሃም ለማጠቢያ እንኳን አይነካው፤ አካንታሜባ የሚባለው ጥገኛ ኮርኒያን ይበላል።