ጌጅ ለሌላት ቪትዝ

አብዛኞቹ ቪትዞች የሙቀት ጌጅ የላቸውም። ሰማያዊዋ መብራት ሞተሩ ገና አለመሞቁን ትናገራለች። ቀይዋ ስትበራ ግን ብዙ ጊዜ ረፍዷል፤ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊጣመም ይችላል።

ብሉቱዝ ያላት ትንሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር መረጃ የምታነብ መሣሪያ) ግዙ። ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ሰክታችሁ የኩላንቱን (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ሙቀት በስልካችሁ አፕ በቁጥር ታያላችሁ። ከ85 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ሰላም ነው። ከለገሃር ወደ ፒያሳ የቸርችልን ዳገት በትራፊክ መሃል ስትወጡ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ፋኑ ሲነሳ ይወርዳል። አፑ 105 ላይ እንዲጮህ አድርጉት፣ ዓይናችሁ መንገዱ ላይ ይሁን። ከጮኸ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ።

የራዲያተር ክዳኑንም አትናቁት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ መፍላቱን የሚያዘገየው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ሞተሩ ሳይበርድ ግን እንዳትነኩት!