መርዶ መሥሪያ ቤት ሲደወል

ሰው ሀብት ክፍል ከሠራህ ይህን ስልክ ታውቀዋለህ። ደዋዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እባክህ እሷ እንዳትሰማ" ይላል። የአንዷ ሠራተኛህ እናት ክፍለ ሀገር አርፈዋል። ቤተሰቡ ነገ ማለዳ ተሰብስቦ ሊያረዳት ነው። አንተ ግን እስከ 11 ሰዓት ፊት ለፊቷ ትውላለህ።

ለቅርብ አለቃዋ ብቻ ንገር። ሦስተኛ ሰው ካወቀ በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው ሁሉ ይሰማል። ያለወትሮህ አታባብላት፤ "ዛሬ በጊዜ ግቢ" ካልካት አለቀ፣ ገብቷታል። ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጥፎ "ነፍስ ይማር" የሚል ዘመድ እንደማይጠፋም ለደዋዩ አስታውሰው። ጠርጥራ ከጠየቀችህ አትዋሻት፣ አንተም አታርዳት። "ቤት ይፈልጉሻል፣ አብረን እንሂድ" በላት። ለቤተሰቡ ደውልና ከምትቀርባት ልጅ ጋር በመኪና አድርሳት። ብቻዋን ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳትቆም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ይህ መንገድ ላይ ያልቃል። ለከባድ ምክንያት እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድም አለ፣ በበጀት ዓመት ሁለቴ ብቻ። ቅጹን አንተው ሙላላት። የሞተችው ያሳደገቻት አክስት ከሆነች ደግሞ ደረጃ ስትቆጥር እንዳልሰማህ።

ለቅሶ መድረስ ላይ ማንም አይችለን። ሰርቪሱ ሞልቶ ይሄዳል፣ መዋጮው ይሰበሰባል። ብቻ ሁሉም በአንድ ቀን አይንጋጋ። ሠልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ቤቱ ጭር ይላል፤ ሁለት ሦስት ሰው ለዚያን ጊዜ ይቆይ።

ዋናው ጣጣ ስትመለስ ነው። ለቅሶ ያልደረሰ ሁሉ በየተራ ጠረጴዛዋ ጋ እየመጣ "እግዜር ያጥናሽ፣ ምን ሆነው ነው?" ይላታል። እስከ ምሳ ያንኑ ታሪክ ስትደጋግም ትውላለች። ቀደም ብለህ ንገራቸው፦ ያልደረሰ ቤቷ ሄዶ ይድረስ፣ ቢሮ ውስጥ ጨብጧት ይለፍ። ገንዘብ ተቀባይ ከሆነች ለመጀመሪያው ሳምንት መስኮት ላይ አታስቀምጣት፤ ሂሳብ ቢጎድል ከኪሷ ነው። ዩኒፎርም ነው ብለህም ጥቁሯን አታስወልቃት።

አርባውን ቆጥረህ ካላንደርህ ላይ አስፍር፤ ከዓመት ፈቃዷም ቀን አስቀርላት። ሙስሊም ከሆነች ልማዱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ራሷን ጠይቃት። የሞተው ባሏ ከሆነ ዒዳዋ፣ ማለትም ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቆይበት ጊዜ፣ 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ከቤት የሚሠራ ሥራ ካለህ ሳትጠይቅህ አቅርብላት።