የተሰበረ የፋይበር ጀልባ እቤት እንዴት ይጠገናል

ሐዋሳ ላይ ጀልባ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ሐይቁ ፀጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ግን ዳር የታሰረ ጀልባ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይውላል። የእኔም የተጎዳው እንደዚያ ነው። አሞራ ገደል አካባቢ አስሬው ሄጄ ስመለስ፣ ከአፍንጫው ዝቅ ብሎ ውሃ ውስጥ በሚሰምጠው በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ደቅቆ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ነው የጠገንኩት። የመጀመሪያው አልያዘም፤ ሁለተኛው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሁለቱንም ጊዜ የተጠቀምኩት ያው ሬዚን (ከመስታወት ክር ጋር ደርቆ ፋይበር የሚሆነው ፈሳሽ) ነው። የለያቸው ሬዚኑ ከመቀባቱ በፊት የተሠራው ሥራ ስለሆነ፣ እዚህም ብዙውን የምጽፈው ስለሱ ነው።

መጀመሪያ ጀልባውን አውጥታችሁ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ገልብጡት። ከዚያ የተጎዳውን ቦታ ዙሪያ በሳንቲም ወይም በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛው ፋይበር ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ውስጥ ለውስጥ የተላቀቀው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በዓይን የሚታየው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል፤ የእኔ ሁለት እጥፍ ሆኖ ነው የተገኘው። ወሰኑን በማርከር አክብቡት።

አሁን ማድረቅ። ውሃ በተሰበረው በኩል ገብቶ በመስታወት ክሮቹ መሃል እየሳበ ይሄዳል፣ ስለዚህ ላዩ ደረቅ መሆኑ ምንም አይነግራችሁም። የላላውን ነቃቅላችሁ በንጹህ ውሃ እጠቡና ፀሐይና ነፋስ ላይ ተዉት። መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ቁራጭ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ቦታው ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጉና ፀሐይ ላይ ይዋል። ከላስቲኩ ስር ጠብታ ከቋጠረ ገና ነው። የእኔ ታኅሣሥ ላይ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ክረምት ላይ ይህን ሥራ ባትጀምሩ እመክራለሁ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው ጥሩው። በእሳት ማድረቅ ደግሞ አይታሰብም።

ከመፈግፈግ በፊት በአሴቶን (ቅባትና ሰም የሚያነሳ ፈሳሽ) ጥረጉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ላዩ ላይ ያለውን ሰም ሳታነሱ ከፈገፈጋችሁት ሰሙን ወደ ውስጥ ነው የምታስገቡት። ቤንዚን ቅባት ይተዋል፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትሞክሩት።

የቀረው ሁሉ የሚቆመው በሚቀጥለው ሥራ ላይ ነው። አዲስ ሬዚን ከደረቀ አሮጌ ፋይበር ጋር አይዋሃድም፤ ተጣብቆ ነው የሚቆመው። ስለዚህ የሚጣበቅበት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። የቀዳዳውን ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት የሚይዘው የግድግዳው ውፍረት ብቻ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። መሆን ያለበት፣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ግድግዳ ወደ ጠርዙ በቀረበ ቁጥር ቀስ በቀስ እየሳሳ የሚሄድ ዳገት ማድረግ ነው። ልኩ ከውፍረቱ 12 እጥፍ ነው። ግድግዳው 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጤነኛውን አካል ያን ያህል መፈግፈግ ያሳዝናል። ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው፣ ቀዳዳው አይስፋብኝ ብሎ።

እኔም በመጀመሪያው ጊዜ ያን ነው ያደረግኩት። ጠርዙን ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞላሁ፣ ከላዩ ሁለት ማት (የመስታወት ክር ምንጣፍ) ለጠፍኩበት፣ ቀለም ቀባሁት። በጣም አምሮ ነበር። ከአንድ ወር ምናምን በኋላ ጉማሬ ሊያዩ የመጡ ቤተሰብ ይዤ ስሄድ እግሬ ስር ውሃ አየሁ። ልጥፉ እንዳለ እንደ ክዳን ተነስቶ ነበር። ሁሉም ላይፍ ጃኬት ለብሰው ስለነበር፣ ዳርም ሩቅ ስላልነበር በሰላም ወጣን። ሕፃን ይዘው ነበር። ያንን ቀን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይንቦጫቦጫል፤ እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ለመፈግፈጉ ግራይንደር ላይ 40 ወይም 60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ግጠሙ። የብረት መቁረጫ ዲስክ ይቆፍራል እንጂ አያሳሳም። በእጅም ይቻላል፣ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። ብናኙ የመስታወት ብናኝ ነው። ደህና ማስክ፣ መነጽር፣ እጅጌው ረጅም ልብስ አድርጉ፤ ልጆችን ከግቢ አርቁ፤ ልብሱንም ከቤተሰብ ልብስ ጋር አትጠቡት። ስትጨርሱ አቧራውን ጠርጋችሁ እንደገና በአሴቶን አጽዱ።

ቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ ከሆነ ከውስጥ በኩል መደገፊያ ያስፈልጋል። ስስ ኮምፔንሳቶ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሸፍናችሁ አስደግፉት፣ ሬዚኑ በፕላስተሩ ላይ ስለማይጣበቅ በኋላ ይላቀቃል።

ሬዚን ላይ ምርጫ አለ። ኤፖክሲ የበለጠ ይይዛል፣ ግን ውድ ነው። ከላዩ ፖሊስተር ጄልኮት (የጀልባው አንጸባራቂ የላይ ሽፋን) በደንብ አይይዝለትም፤ ተራውም ማት ለሱ አይሆንም፤ ሽምን የፋይበር ጨርቅ ይፈልጋል። እኔ ጀልባው የተሠራበትን ፖሊስተር ነው የተጠቀምኩት፤ ዳገቱ በትክክል ከተሠራ ይበቃል እላለሁ።

ሬዚኑን የሚያደርቀውን ሃርድነር በዓይን አትገምቱ። ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ለ500 ግራም ሬዚን ከ5 እስከ 10 ግራም ይሆናል፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩት። የሐዋሳ እኩለ ቀን ሙቀት ላይ 1 በመቶው ራሱ ይፈጥናል፣ ስለዚህ በጠዋት፣ ጥላ ስር ሥሩ። በአንዴ ከምትጨርሱት በላይ አትበጥብጡ። ሃርድነሩ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፣ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ። አንዳንዱ ሬዚን ደግሞ ኮባልት የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ ለብቻው ይዞ ይመጣል። እሱን መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ አዋህዱ፣ ከዚያ ነው ሃርድነሩ። ኮባልትና ሃርድነር በቀጥታ ከተገናኙ ይፈነዳሉ። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

ማቱን ቀድማችሁ ቁረጡ። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚባለው ማት ሲደርቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ለ5 ሚሊ ሜትር አምስት ይበቃል። ትልቁ መላውን ዳገት የሚሸፍን ይሁን፣ ቀጣዮቹ እያነሱ ይሂዱ። ትንሹን አስቀድመው የሚሠሩም አሉ። እኔ ትልቁን ነው የማስቀድመው፤ አንድ ሙሉ ንብርብር ከአሮጌው አካል ጋር በሰፊው ይገናኛል፣ በኋላ ላዩን ስትፈገፍጉም አይቆረጥም።

ቦታውን ሬዚን ቀቡ፣ ማቱን አንጥፉ፣ በርካሽ ብሩሽ እየነካካችሁ አርጥቡት። ነጭ የነበረው ማት ሬዚን ሲጠግብ ከስሩ ያለውን ያሳያል። ከዚያ በብረት ሩሎ ከመሃል ወደ ዳር አየሩን አስወጡ። የቀለም ስፖንጅ ሩሎ ለዚህ አይሆንም፣ ሬዚኑን ይመጥጠዋል እንጂ አየሩን አያወጣም። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ አየር ነው። ከሦስት ንብርብር በኋላ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ በአንዴ ከተከመረ በራሱ ሙቀት ይሰነጠቃል። ቀሪውን ገና ሲያጣብቅ፣ በዚያው ቀን ጨርሱ። ካደረ በብርጭቆ ወረቀት አሻክራችሁ በአሴቶን ጥረጉት።

በማግስቱ በ80 ቁጥር አስተካክሉ። ትንንሽ ጉድጓዶች ይቀራሉ። ባትላሜራ ቤት የምናውቀውን የመኪና ስቱኮ ውሃ ውስጥ በሚሰምጠው ክፍል አትጠቀሙ፣ ውሃ ይመጥጣል። ሬዚኑን ራሱን በሲሊካ ዱቄት አወፍራችሁ ሙሉ። ከዚያ ጄልኮት ነው። ለላይኛው ሽፋን የሚሆነውን ሰም ያለበትን ግዙ፤ ከሌለ እንደቀባችሁ በስስ ላስቲክ ሸፍኑት፣ አየር ካገኘው ላዩ እያጣበቀ ይቀራል። ሲደርቅ በ220፣ ቀጥሎ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ፈግፍጉት።

አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ከዚያ ሞተር ሳትገጥሙ ዳር ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ እሰሩት። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ በተጠገነው ቦታ ላይ ጋዜጣ አንጥፉና ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ ሞተሩን ግጠሙ።