ልጅ ሲያስለው ትንፋሹን ቁጠሩ

ጎንደር ላይ ክረምት ሲገባ ጉንፋኑ ቤት ለቤት ይዞራል። ልጅ ሲታመም ሁሉም ቀድሞ ግንባሩን ነው የሚዳስሰው። እኔ ነርስ ነኝና፣ ሳል ካለው ቀድሜ የማየው ደረቱን ነው።

ልጁ እስኪረጋጋ ወይም እስኪተኛ ጠብቁ። እያለቀሰ ከቆጠራችሁ ቁጥሩ ያታልላል። ጋቢውንም ሹራቡንም ገለጥ አድርጉና ሆዱን እዩ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ በሉ። በስልካችሁ 60 ሰከንድ ሙሉ ያዙ። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይቅርባችሁ፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ቸኮል፣ አንዴ ቆም ይላል።

ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ እንዲህ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። ፈጣን ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ነገ አይባልም።

ደረቱ ከታች በኩል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ግን መቁጠር የለም። ባጃጅ ጥሩና ሩጡ። መጥባት ከቻለ መንገድ ላይም አጥቡት።

አያቶች ዳማከሴ ጨምቀው ሊያጠጡ ይፈልጋሉ። አይከፋቸው እንጂ፣ 6 ወር ላልሞላው ከጡት በቀር ምንም አይሰጥም።

ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የቆጠራችሁትን ከነሰዓቱ ለነርሷ ንገሯት።