ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም

በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያ ስንተክል አብሮኝ የሚሠራው ወጣት የመለኪያውን ንባብ ከ90 ወደ 100 አድርሶ "አስር ብቻ ነው የጨመርኩት" አለኝ። ከስፒከሩ አጠገብ የሙሽራዋ አያት ተቀምጠዋል። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ቁጥሩን እንደ ኪሎ ቆጥሮት ነው። ስለ ድምፅ መጠን የሚሠሩ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚበቅሉት ከዚህ ሥር ነው።

የድምፅ መጠን የሚነገርበት ዴሲቤል ንጽጽር ነው። በየ10 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል፤ በ20 ዴሲቤል መቶ እጥፍ፣ በ30 ሺህ እጥፍ ይሆናል። ጆሮ ከሚሰማው እጅግ ደካማ ድምፅ አንስቶ ሕመም ሊሰማን እስከሚጀምርበት እስከ 120 ዴሲቤል አካባቢ ያለው የኃይል ልዩነት አንድ ትሪሊዮን እጥፍ ነው። ይህን የሚያህል ቁጥር በዜሮ ብዛት እየጻፉ መሥራት አይቻልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ የአሜሪካው የቤል ስልክ ድርጅት መሐንዲሶች በስልክ መስመር ላይ የሚባክነውን ምልክት ለመለካት ያወጡት ስሌት ለድምፅም የተመቸው ለዚህ ነው። ስሙም ለስልክ ፈልሳፊው ለአሌክሳንደር ግራሃም ቤል መታሰቢያ ነው። እንግዲህ 80 ዴሲቤል ከሚያሰማ ወፍጮ ጎን ሌላ አምሳያው ቢተከል፣ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ ድምሩ 160 ሳይሆን 83 ነው።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ኃይሉ አስር እጥፍ ከሆነ ለጆሮም አስር እጥፍ ይሰማል ብሎ ማሰብ። 10 ዴሲቤል ሲጨመር አብዛኛው ሰው የሚሰማው እጥፍ ያህል እንደ ጎላ ሆኖ ነው። የ3 ዴሲቤል ጭማሪን ደግሞ ልብ ብሎ ያላዳመጠ ሰው ላያስተውለውም ይችላል። ይህን ባለማወቅ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ባለ 500 ዋት አምፕሊፋየሩን ሸጦ ባለ 1000 ዋት የገዛ ሰው ያተረፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማለት ከፈለገ የሚያስፈልገው 5000 ዋት ነበር።

0 ዴሲቤልም ዝምታ ማለት አይደለም። ጤናማ የወጣት ጆሮ ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ፣ ማለትም 20 ማይክሮፓስካል ግፊት፣ እንደ መነሻ ተወስዶ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በኔጌቲቭ ይጻፋል።

ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው ግን አራተኛው ስህተት ነው፤ መለኪያውና ጆሮ አንድ ዓይነት ዳኛ ናቸው ብሎ ማመን። ጆሮ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ እኩል አይሰማም። ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1933 ይህን በልኬት አሳይተዋል። በዛሬው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት በ1000 ሄርዝ (በሰከንድ 1000 ንዝረት) 40 ዴሲቤል የሆነን ድምፅ ያህል ጎልቶ እንዲሰማ፣ 100 ሄርዝ ላይ ያለ ወፍራም ድምፅ ወደ 64 ዴሲቤል ገደማ መድረስ አለበት። ሙዚቃ ሲቀነስ ቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መለኪያ መሣሪያዎችም ይህን የጆሮ ጠባይ እንዲከተሉ "ኤ" የተባለ ማጣሪያ ተበጅቶላቸዋል፤ 50 ሄርዝ ላይ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።

ችግሩ ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ሲያልፍ ቀጭኑን ያህል አለመድከሙ ነው። በአገራችን ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ሲሆን የሚለካውም በ"ኤ" ነው። ከጭፈራ ቤት ጀርባ የሚኖር ሰው ሌሊቱን ሙሉ ደረቱ ላይ እየተደለቀበት መለኪያው 44 ሊያነብ ይችላል። ሰውየው አልዋሸም፣ መሣሪያውም አልተበላሸም። እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲቀርብ ወፍራሙን ድምፅ እምብዛም በማይቀንሰው በ"ሲ" ማጣሪያ ደግሞ መለካት ይገባል፤ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ ቤዙ ነው የሚያስቸግረው።

ርቀቱ ያልተነገረ ዴሲቤልም ትርጉም የለውም። ገላጣ ሜዳ ላይ ከስፒከሩ ያለን ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ድንኳንና አዳራሽ ውስጥ ድምፁ እየነጠረ ስለሚመለስ ቅናሹ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ወንበርን ጥቂት ሜትር ማራቅ ብዙ ያተርፋል። ይህን አስቤ ወደ አያቲቱ ጠጋ ብዬ "እማማ፣ ወንበርዎን ወደዚያ ልውሰድልዎት?" ብላቸው "ተወኝ ልጄ፣ ጆሮዬ ለምዶታል" አሉኝ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ስህተት ነው። ጆሮ ጩኸት አይለምድም፤ ይደክማል። ከግብዣ ስንወጣ ጆሯችን ጭው የሚለው፣ ሰው ሲያናግረን ከሩቅ የሚመስለን ስለ ደከመ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ 15,000 ያህል ጥቃቅን የፀጉር ሕዋሳት አሉ፤ ሲሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ያስቀመጠው ወሰን በ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

ለዚያ ወጣት ሂሳቡን በካርቶን ላይ ጽፌ አሳየሁት። በ90 ዴሲቤል ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈቀዳል፤ በ100 ግን 15 ደቂቃ ብቻ። ካርቶኑን ትንሽ አየና ሄዶ ድምፁን ቀነሰው፤ የእማማን ወንበርም ራሱ አግባብቷቸው አራቀላቸው።