የኔትወርክ ኬብል ጫፍ አሠራር፦ አረንጓዴው ሰማያዊውን ለምን ያቅፋል?

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግራውንድ ላይ ካለ ሱቅ እስከ አራተኛ ፎቅ ኔትወርክ ለማድረስ ዋናው ሥራ ያለው የኬብሉ ጫፍ ላይ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጣ ካለ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ሙሉ መዳብ ግዙ። ከስዊች (መስመሩን ለብዙ ኮምፒውተሮች ከሚያከፋፍለው ሳጥን) እስከ ኮምፒውተር ያለው ርዝመት በጠቅላላ ከ100 ሜትር አይለፍ።

የላይኛውን ላስቲክ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ላጡ። የኮኔክተሩን (ጫፉ ላይ የሚገባውን ፕላስቲክ መሰኪያ) ምላስ ወደ ታች፣ የሽቦ መግቢያውን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ከግራ ጀምሩ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። 13 ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ እኩል ቁረጡ፤ ጥምዙ ከዚያ በላይ አይፈታ። ስምንቱም ጫፎች ኮኔክተሩ ፊት ላይ እስኪታዩ ግፉ፤ ላስቲኩም አብሮ መግባቱን አይታችሁ በክሪምፐር (በመጨበጫው ፒንሳ) ጨብጡ። ላስቲኩ ውጭ ከቀረ፣ ኬብሉ በተሳበ ቁጥር ክብደቱ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ላይ ያርፍና ይነቀላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አረንጓዴው ላይ ነው። ቀለሞቹን ጥንድ ጥንዱን ጎን ለጎን መደርደር ለዓይን ያምራል፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ ተራው ቴስተርም (የኬብል መፈተሻው) ከ1 እስከ 8 በቅደም ተከተል ያበራል። ኔትወርኩ ግን ይንቀራፈፋል፣ ይቆራረጣል። ጥንዶቹ የተጠማዘዙት የውጭ ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል አርፎ እንዲጣፋ ነው፤ 3ኛውና 6ኛው ቦታ አንድ ላይ የሚሠሩ ስለሆኑ ከተለያየ ጥንድ ከመጡ ይህ ጥቅም ይቀራል።

አደራደሩ የመጣው ከስልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቢሮ ግድግዳዎችን የሞላው የስልክ ሽቦ ነበር፤ የስልኩ መስመር የሚገባውም መሃል ባሉት ሁለት ቦታዎች፣ ሰማያዊዎቹ ባሉበት 4ኛና 5ኛ ላይ ነው፤ አረንጓዴዎቹ ግራና ቀኝ 3ኛና 6ኛ ላይ የቀሩት ለዚህ ነው። ከላይ የደረደርነው፣ ዛሬ «ቢ» የምንለው ቅደም ተከተል የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው፣ በተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ የሚሠራው ባለ 10 ሜጋቢት ኢተርኔትም (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ደንብ) 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ወስዶ 4 እና 5ን ለስልክ ተወ። ባለ 1 ጊጋቢቱ ስምንቱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ከቆመባችሁ መጀመሪያ 4፣ 5፣ 7 እና 8ን ፈትሹ። ዜሮክስ፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንትና ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1980 የኢተርኔትን ዝርዝር በጋራ አሳትመው ለሌሎች አምራቾች መክፈታቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ካርድ ከሌላው ስዊች ጋር መግባባት የጀመረው በዚያ መንገድ ነው።

ውጭ የሚዘረጋ ከሆነ ፀሐይ የሚችለውን ጥቁሩን ኬብል ተጠቀሙ፤ ከመብራት ሽቦ ጋር አትሰሩት። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ አድርጉት፣ የዝናቡ ውኃ እዚያው ይንጠባጠባል። ከብሎክ ወደ ብሎክ ግን መዳብ አትዘርጉ፤ የክረምት መብረቅ ሁለቱንም ስዊች ሊያቃጥል ይችላል። ለዚያ ፋይበር (በብርሃን የሚሠራ ኬብል) እና ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (ብርሃኑን ወደ መዳብ ሽቦ ምልክት የሚቀይር ሳጥን) ግዙ።