የሽጉጤ ውስጠኛ መቆለፊያ ለምን አልያዘም?

ብዙ ሽጉጦች ውስጥ ከውጭ የማትታይ መቆለፊያ አለች። በሞላ የምትገፋ ትንሽ ዘንግ ናት። ቃታው እስኪሳብ ድረስ መቺውን መርፌ ታግደዋለች። ሽጉጡ ቢወድቅ እንኳ መርፌው ጥይቱን እንዳይመታ የምትከላከለው እሷ ናት።

የእኔ መሥራቷን ለማየት መጀመሪያ ካዝናውን አወጣሁ። ጥይት መቀመጫው ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። ይሄን ማንም እንዳይዘለው፣ አደራ! ከዚያ የላይኛውን ተንሸራታች ክፍል ፈትቼ መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ገፋሁት። ጫፉ ብቅ ማለት አልነበረበትም። ብቅ አለ።

ዘንጓን ስጫናት ገባች፤ ስለቃት ግን እዚያው ቀረች። የደረቀ ዘይትና የባሩድ ጥላሸት አጣብቀዋታል። የአምራቹን መመሪያ ተከትዬ አወጣኋት፣ አጸዳኋት፣ በደንብ አደረቅኋት። መርፌው የሚሄድበትን ቦዩን ዘይት አልቀባሁትም፤ እዚያ ዘይት ቆሻሻ ይሰበስባል።

አሁን መርፌው ሲገፋ ይታገዳል። የሚያልፈው ዘንጓ ስትጫን ብቻ ነው። ሞላዋ ደክሞ ወይም ጠርዟ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ ግን ማጽዳቱ አይበቃም ነበር፤ ቀጥታ ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ እወስደው ነበር።